ለኮሌጅ ሰልጣኞች የሚደረግ ድጋፍን ማስተባበር፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ የመጡት ከየአቅጣጫው ነው። ከአሰልጣኞች፣ ከዕድር ሰብሳቢዎች፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ከሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከሰልጣኞቹ። መልሶቹ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዙሪያ ለሚሯሯጥ ሰው የተጻፉ ናቸው። ሌላ ዞን ያላችሁ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

ዩኒቨርሲቲ እያለ ለምን ስለ ቴክኒክና ሙያ ትጨነቃላችሁ?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ቢያንስ አልጋና ካፌ አለው። በወጪ መጋራትም ቢሆን ይተኛል፣ ይበላል። ፖሊ ቴክኒክ የገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዶርም የለውም። ቤት ይከራያል፣ ራሱ ያበስላል፣ ቱታውን ራሱ ይገዛል። ከገጠር ከመጣ ደግሞ ይህ ሁሉ ከአባቱ እርሻና ከእናቱ ዶሮ ነው የሚወጣው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የቀረው የት ይሂድ? ሬሚዲያል የሚገባ አለ፤ እንደገና የሚፈተን አለ። ለብዙው ልጅ የቀረው በር ሙያ ነው። የረጂው ዓይን ግን ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። የምረቃ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ልጅ ለማስረዳት ይቀላል። ብየዳ የሚማር ልጅ እንደዚያ አንጀት አይበላም።

ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰልጣኝ የትኛው ነው?

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ወላጅ የሌለው፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ልጅ እያሳደገች የምትማር፣ ከሩቅ ወረዳ መጥቶ ቤት የተከራየ። ችግሩ እነዚህ ልጆች መጥተው አይነግሯችሁም። የሰው ፊት እሳት ነው። ከመንዝ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ «ራበኝ» ከሚል ትምህርቱን ጥሎ ቢሄድ ይመርጣል።

ስለዚህ ማየት ነው። በምሳ ሰዓት ጓደኞቹ ሲወጡ ላይብረሪ የሚቀመጥ ልጅ ሁልጊዜ የንባብ ፍቅር ይዞት አይደለም። ዓርብ ከሰዓት ጠፍቶ ሰኞ አርፍዶ የሚመጣው ምናልባት ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ሄዶ ነው። የወርክሾፕ ቀን ብቻ የሚቀረው ቱታ ወይም ሴፍቲ ጫማ ላይኖረው ይችላል፤ ያለዚያ ወርክሾፕ እንደማይገባ ያውቃል፣ ስለዚህ በሩ ላይ ከመዋረድ ቤቱ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳር ውርጭ በአንዲት ሹራብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆም ልጅ ከሸዋሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ ከሆነ ብርድ ልብስም እንደሌለው ገምቱ።

ሌላም አለ። ቀን ተምሮ ማታ ጥበቃ የሚያድር። ቅዳሜና እሑድ የቀን ሥራ የሚሠራ። እነዚህ ሲያንቀላፉ «ሰነፍ» የሚባሉት ናቸው።

ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ካመጣ አይበቃም?

አይበቃም። አይጠቅምም ግን አላልንም።

ማስረጃውን ቶሎ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ቀበሌ ሰው ያለው ነው። ከግሼ ወይም ከሚዳ የመጣ ልጅ ለአንድ ማኅተም ደርሶ መልስ መሣፈሪያ ይከፍላል። ለማስረጃው ያወጣው ገንዘብ ከሚሰጠው ድጋፍ ሊበልጥ ምንም አይቀረው። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በስልክ ከቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ጋር ተነጋግሮ ደብዳቤውን በቴሌግራም ፎቶ መቀበል ይቻላል። ዋናውን ሲመጣ ያምጣው።

እኛ የምንመክረው የሦስት ሰው ዓይን ነው። አንደኛ አሰልጣኙ፣ በየቀኑ ስለሚያየው። ሁለተኛ የክፍሉ ተወካይ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ስለሚያውቅ። ሦስተኛ የድጋፍ ኮሚቴው ራሱ፣ የተከራየበት ክፍል ድረስ ሄዶ። ክፍሉን ያየ ሰው ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ለሦስት ልጅ አንድ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ያለቀ የድርቆሽ ከረጢት፣ በላስቲክ የተሸፈነ መስኮት፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሱሪ። ሲገቡ ግን እንደ መርማሪ አይደለም። ዳቦ ይዞ እንደሚጠይቅ ዘመድ ነው።

ከዚያ ሦስት አራት ጥያቄ ይበቃል። ስንቅ ማን ይልክልሃል? ከአንተ ሌላ የሚማር ወንድም ወይም እህት አለ? ቤተሰብህ ሴፍቲኔት ውስጥ ነው? ባለፈው ወር ኪራይ ከየት ከፈልክ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። «ተበድሬ» የሚል መልስ ከመጣ ከማን እንደተበደረ ጠይቁ።

መስፈርቱን ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። የተመረጡትን ስም ግን አትለጥፉ። ያልተመረጠ ልጅ ቅሬታ የሚያቀርብበት አንድ ሰውና አንድ ቀን ይኑር።

አስተባባሪው ማን ይሁን?

ይህን ጥያቄ ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድንመልስላቸው ይፈልጋሉ። ለእኛ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

በዞኑ የሚረዳ ሰው አልጠፋም። ማኅበረ ምእመናኑ ይረዳል፣ ጀመዓው ይረዳል፣ ዕድሩ ይረዳል፣ ነጋዴው ይረዳል፣ ባንኩም በዓመት አንዴ ደብተር ይዞ ብቅ ይላል። የጠፋው ማን ምን እንዳገኘ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። የተለመደው ታሪክ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ከሦስት ቦታ ሦስት ደርዘን ደብተር ታገኛለች። ኪራይዋን ግን ማንም አልከፈለላትም። በወሩ መጨረሻ ደብተሯን ይዛ አገሯ ትገባለች። ሦስቱም ረጂዎች ሪፖርታቸው ላይ «አንድ ሴት ሰልጣኝ ደገፍን» ብለው ጽፈዋል። አልዋሹም።

ስለዚህ አንድ ሰው ይመደብ። አሰልጣኝ ቢሆን ይሻላል፤ የማስተማሪያ ሰዓቱ ተቀንሶለት። ዲኑ አይሁን። ዲን ስብሰባ ይበዛበታል፣ ልጆችም ቢሮውን ይፈራሉ። ገንዘቡን ደግሞ ሌላ ሰው ይያዝ፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይሁን። ልጆቹን የሚያውቀው ሰው ቁልፉንም ከያዘ ሐሜቱ አይቀርለትም። ንጹሕ ሰው ቢሆንም።

ስንት ልጅ ይያዝ? አንድ አስተባባሪ ስም ጠርቶ ሊያነጋግር ከሚችለው በላይ አይያዝ።

ይህ በሌላ አገር ተሞክሯል?

ተሞክሯል፤ በደንብም ተጠንቷል። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በሁለት ዓመት ኮሌጆቹ «አሳፕ» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ከኪስ የቀረውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ ለመጻሕፍት ይረዳል፣ በየወሩ የትራንስፖርት ካርድ ይሰጣል። ዋናው ነገር ግን አማካሪው ነው። አንድ አማካሪ የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ተማሪ ነበር። በመደበኛው አሠራር አንዱ አማካሪ ከ600 በላይ ይይዛል። የትራንስፖርት ካርዱም የሚሰጠው ግዴታውን ለተወጣ ተማሪ ነው፤ አንዱ ግዴታ አማካሪውን ሄዶ ማነጋገር ነው።

ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ከፕሮግራሙ 40 በመቶ ገደማ ሆኑ፤ ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው 22 በመቶ። ካሊፎርኒያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለድሃ የኮሌጅ ተማሪዎች የቆመ የመንግሥት ፕሮግራም አለ። እዚያም ተማሪው በየሴሚስተሩ ሦስት ጊዜ ከአማካሪ ጋር መገናኘት ይጠበቅበታል።

እኛ ጋ ሜትሮ የለም፣ ባጃጅ ነው ያለው። ሐሳቡ ግን ያው ነው። ገንዘቡን ከንግግሩ ጋር እሰሩት። ልጁ የወሩን ድጋፍ ሲወስድ አስተባባሪውን ዐሥር ደቂቃ ያነጋግር። «ደህና ነኝ» ብሎ ቢወጣም ፊቱን አይታችኋል።

መዝገቡ ውስጥ ምን ይጻፍ?

ኤክሴል ካለ በኤክሴል፣ ከሌለ በመስመር ደብተር። ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ የሚማረው ሙያና ደረጃ፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ስልክ። ኪራይ የሚከፈልበት ቀን። ከማን ምን እንዳገኘ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናው መቼ እንደሆነ። የኪራዩ ቀን ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አከራዩ በር የሚቆልፈው በዚያ ቀን ነው፤ ድጋፉ በሳምንቱ ቢደርስ ምን ዋጋ አለው?

መዝገቡን ሁሉም ሰው አይየው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የልጁን ችግር በቴሌግራም ግሩፕ መበተን ነውር ነው። ለለጋሽ ሪፖርት ሲላክ ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይላክ።

ገንዘብ ይሻላል ወይስ እህልና ዕቃ?

እንደ ነገሩ ነው። መልሱ «ሁለቱም» የሚሆንበትን ቦታ ግን መለየት ያስፈልጋል።

ኪራይ ከሆነ ለአከራዩ በቀጥታ ይከፈል። ልጁን ስለማናምን አይደለም። ለልጁ እጅ የገባ ብር ከመንገድ ላይ ብዙ ጠሪ አለው። አገር ቤት እናት ትታመማለች፣ ታናሽ እህት ጫማ ትፈልጋለች፣ ማዳበሪያ ይገዛል። ልጁ ይልካል። ብንሆን እኛም እንልካለን። ሦስት አራት ወር በአንዴ ለሚከፍል አንዳንዱ አከራይ ዋጋ ይቀንሳል፤ መጠየቅ ነው።

ምግብ ከሆነ በሰሜን ሸዋ ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ብዙው ልጅ ስንቅ ከቤት ይመጣለታል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ። የሚጎድለው ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ ሳሙና ነው። እነዚህ ከአገር ቤት አይላኩም፤ የሚገዙት በብር ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ትንሽ የኪስ ገንዘብ በቴሌብር ቢላክ ከአንድ ኩንታል ዱቄት በላይ ያሳርፋል። ስንቅ የማይመጣለት ልጅ ግን እህሉ ራሱ ያስፈልገዋል፤ ተፈናቃዩን አስቡት። እሱን ከሌላው ጋር በእኩል አታካፍሉት።

የምሳ ፕሮግራም የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ጥሩ ነው። ግን ጾሙን አስሉ። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰልጣኝ አለ። በረመዳን የቀወትና የኤፍራታና ግድም ሙስሊም ልጆች ቀን አይበሉም። «ምሳውን አልበላም ብሎ ነው» እያሉ ከዝርዝር ማውጣት አለማሰብ ነው። ጥሬ እህል ወይም ኩፖን ቢሰጥ ሁሉም በሰዓቱ ያበስላል።

ልብስ? አሮጌ ልብስ በማዳበሪያ ሞልቶ የሚልክ ለጋሽ ይደውልና ይጠይቅ። የደብረ ብርሃን ልጅ የሚፈልገው ብርድ ልብስ ነው። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ብርድ ልብስ የሌለው ሰልጣኝ ማየት ያሳፍራል። ሁለተኛ የሴፍቲ ጫማ። ከዚያ ቱታ። የተቀረው ይቆይ።

ስንቁ መንገድ ላይ ቢቀርስ?

ይቀራል። ያውም ብዙ ጊዜ።

ስንቁ እንዴት እንደሚመጣ ላላየ ሰው፦ እናት ድርቆሹን በከረጢት ትሰፋለች፣ በማርከር የልጁ ስምና ስልክ ይጻፍበታል፣ ለመኪናው ረዳት ይሰጣል። ረዳቱ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውላል። ልጁ ክፍል ውስጥ ከሆነ ስልኩን አያነሳም። ከረጢቱ ጥግ ይጣላል፤ ዝናብ ከመታው ሻጋታ ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መኪናው ራሱ አይመጣም። ባለፉት ዓመታት በዞኑ መንገድ መዘጋት ብርቅ አልሆነም። ከመርሐቤቴና ከሚዳ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ሰላም በሆነበት ጊዜም የጀማ ሸለቆ አለበት።

ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ደግ ሰው ፈልጋችሁ ስንቁን እንዲቀበል ማድረግ። ብዙ አይጠይቅም፤ አንድ ጥግ ብቻ። ሁለተኛ፣ ኮሌጁ ውስጥ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ እህል ማስቀመጥ። መንገድ ሲዘጋ ይከፈታል፣ ስንቁ ሲመጣ ልጁ የወሰደውን ይመልሳል። ይመልሳሉ ወይ? ስጦታ ሳይሆን ብድር እንደሆነ ሲነገራቸው ልጆቹ ራሳቸው ደስ ይላቸዋል።

ድጋፉ መቼ ይሰጥ?

አብዛኛው ለጋሽ መስከረም ላይ ይሰጣል፤ አዲስ ዓመት ነው፣ ልቡ ይራራል። ሰልጣኙ ግን የሚያቋርጠው መስከረም ላይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የኮሌጅ ምዝገባ ራሱ መስከረም አልፎ ነው የሚጀመረው።

ወራቱን እንያቸው። የገባበት ወር ከባድ ነው፤ ኪራይ፣ ፍራሽ፣ ምድጃ በአንድ ላይ ይመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ መኸር ይሰበሰባል። አባት ብቻውን ከሆነ ልጁ ሊያጭድ ይሄዳል፤ የሄደ ሁሉ አይመለስም። እዚህ ላይ ገንዘብ ብቻውን አይሠራም። ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋግሮ የአንድ ሳምንት ፈቃድና የማካካሻ ሰዓት ማመቻቸት ያዋጣል። ከሄደ በኋላ ስልክ መደወል ደግሞ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። በመንዝና በጣርማበር ደጋ በልግ የሚያርሰው ገበሬ በልጉ ከቀረበት የልጁ ስንቅ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሳሳል። ለእነዚህ ወራት ብር ቀርቶ ይቆይ። ያለውን ሁሉ መስከረም ላይ ያከፋፈለ ኮሚቴ ሰኔ ላይ «እግዜር ይስጥልን» ብቻ ነው የሚለው።

በትብብር ሥልጠና ጊዜ ምን ይደረግ?

ሥርዓቱ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይላል። ተግባሩ በከፊል ድርጅት ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለ ከሌላው ከተማ ይሻላል። ግን ፋብሪካዎቹ ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። በየቀኑ መሣፈሪያ ይጠይቃል፤ ምሳም ውጭ ነው። ልጁ ኮሌጁ አጠገብ ተከራይቶ ከሆነ በዚህ ጊዜ ወጪው ይዘላል። ለአብዛኛው ችግረኛ ሰልጣኝ ፈተናው እዚህ ነው፤ ሰው ግን «አሁንማ ሥራ ጀምሯል» ብሎ ድጋፉን ያቆማል። አልጀመረም፤ ሰልጣኝ ነው፣ ደመወዝ የለውም።

ምደባው ሲሠራ አስተባባሪው ከምደባ ኃላፊው ጋር ይቀመጥ። የእነዋሪ ልጅ እነዋሪ ጋራዥ ካለ እዚያው ይመደብ። ቤቱ እየበላ ይማራል።

የሲኦሲ ክፍያ በድጋፍ ይሸፈናል?

ይሸፈን። ዓመት ሙሉ ኪራይ ከፍሎ በመጨረሻ በምዘና ክፍያ ልጅን ማስቀረት ወንዝ አሻግሮ ዳር ላይ መጣል ነው። ክፍያው እንደ ሙያውና እንደ ደረጃው ይለያያል። የወደቀውም ሁለተኛ ዕድል ይከፈልለት። ከመክፈል በፊት ግን ከአሰልጣኙ ጋር የት ላይ እንደወደቀ ይታይ፤ አንዳንዱ ሙያው ሳይሆን መሣሪያው ብርቅ ሆኖበት ነው የሚወድቀው።

ለሴት ሰልጣኞች የተለየ ምን ያስፈልጋል?

ቤቱ። ከሁሉ በፊት ቤቱ።

ሴት ልጅ ከገጠር መጥታ ርካሽ ክፍል ስትፈልግ የምታገኘው ከተማ ዳር፣ መብራት የሌለው ሰፈር፣ ከውስጥ በማይቆለፍ በር ነው። አስተባባሪው ሦስት አራት ሆነው አብረው እንዲከራዩ ያገናኛቸው። እናት የሆነች አከራይ ይፈልግ። ቁልፍ ይገዛ፤ ከደብተር በፊት። ለማታ ተማሪዎች አብሮ የሚሄድ ቡድን ይኑር።

ሞዴስ በየወሩ ከዝርዝሩ አይውጣ። ወንድ አስተባባሪ ለመጻፍ ያፍርና ይዘለዋል። ሴት አሰልጣኝ ይያዘው።

በአከራይ፣ በአሰልጣኝ ወይም ትብብር ሥልጠና ባለበት ድርጅት ትንኮሳ የደረሰባት ልጅ የምትነግራት አንዲት ሴት በስም ትታወቅ። የኮሌጁ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ካለ እሱ፤ ከሌለም አንዲት የታመነች አሰልጣኝ። ከሁሉ የከፋው አቤቱታዋን ሰምቶ «ተዪው፣ ስምሽ ይጠፋል» የሚል ሽማግሌ ነው። ልጅ ይዛ የምትማር እናት ደግሞ ልጇን የሚይዝላት ካገኘች ከሁሉም በላይ የምትጸናው እሷ ናት። አያት ካለች ለአያቷ መሣፈሪያ ልኮ ማስመጣት ይታሰብ።

አካል ጉዳት ላለበት ሰልጣኝስ?

ሕጉ ከእናንተ ጎን ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ይጠይቃል። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። ይህን ይዛችሁ ኮሌጁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን ራምፕ እስኪሠራ ልጁ ዓመቱ ያልፍበታል። ለዚህ ሴሚስተር የሚሆነው ቀላል ነው፤ ክፍሉን ምድር ቤት ማድረግ። መስማት ለተሳነው ምልክት ቋንቋ የሚችል የክፍል ጓደኛ አጠገቡ ማስቀመጥና ማስታወሻ በጽሑፍ መስጠት። ሙያ ሲመረጥ ደግሞ ልጁ ይጠየቅ። «ለአንተ ልብስ ስፌት ይሻልሃል» ብሎ የሚወስን ኮሚቴ ብዙ ጊዜ አላወቀውም።

ማስረጃው የጠፋበት ተፈናቃይ መመዝገብ ይችላል?

ልጁ ቤቱ ሲቃጠል ካርዱን ይዞ አልወጣም። ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ውስጥ ከወለጋ የመጡ ቤተሰቦች ዓመታት አሳልፈዋል። አጣዬም በ2013 ዓ.ም. የሆነው አይረሳም። የብሔራዊ ፈተና ውጤት የኢትዮጵያ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ስለሚገኝ ከዚያ ማረጋገጥ ይቻላል። አስተባባሪው ሬጅስትራሩን በጊዜያዊነት እንዲመዘግበው ይጠይቅና ማረጋገጡን ጎን ለጎን ይከታተል። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ያላወጣ ልጅ ደግሞ ያውጣ፤ ነፃ ነው። ለባንክ ሒሳብ፣ ኋላም ለሥራ ይጠየቃል።

ሰልጣኙ ቢታመምስ?

ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለው ካርዱን ይዞ ይምጣ። ሆኖም ካርዱ የሚሠራው በአብዛኛው በወረዳው ጤና ጣቢያና ከዚያ በሚጻፍ ሪፈር ነው። ስለዚህ አጣዳፊ ለሆነ ሕክምና ትንሽ ብር ለብቻ ይቀመጥ። እናቱን ወዲያው ደውላችሁ አታስደንግጡ፤ መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት።

ብር ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልገናል?

በኮሌጁ ስም፣ በኮሌጁ ደረሰኝ ከሆነ የኮሌጁን አሠራር ተከተሉ። ዕድርና ማኅበር ከራሳቸው አባላት የሚያዋጡትም የተለመደ ነው። ራሱን የቻለ ድርጅት እንሁን ካላችሁ ግን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ። በክልሉ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ምዝገባው በክልል ነው። ምክራችን፦ አትቸኩሉ። ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተምና ኦዲተር ከመጣ ገንዘቡ ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ መሰብሰብ ግን አይሁን፤ ቢያንስ የጋራ ሒሳብ ይከፈት።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ምን ላድርግ?

አንድ ልጅ ይዘህ ወይም ይዘሽ እስከ ሲኦሲው ድረስ ዝለቅ፤ ዝለቂ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓመት ላይ አንዴ መጥቶ ማየት ይቻላል። የማይቆይ ትልቅ ስጦታ የሚቆይ ትንሽ ስጦታን ያህል አይረዳም። ልጁ ሲመረቅ ደግሞ ጋራዥ ወይም ወርክሾፕ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ስልኩን ስጡት። ይህቺ ስልክ ከብር ትበልጣለች።

ርክክቡን ፎቶ ብናነሳስ?

አታንሱ። ለጋሹ ደረሰኝ ይሰጠው።

ልጁ ቢዋሸንስ?

አንዳንዱ ይዋሻል። ዘመናዊ ስልክ ይዞ «ችግረኛ ነኝ» የሚል ይመጣል። ከመናደዳችሁ በፊት አስቡ፤ ስልኩ የአጎቱ ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ የትምህርቱ ፒዲኤፍም የሚላከው በቴሌግራም ነው። እውነትም ዋሽቶ ከሆነ ድጋፉ ይቁምበት፤ በክፍል ፊት ግን አይነገርበት። ሁሉንም ልጅ እንደ ሌባ እያዩ አንዱን ከመያዝ አንዱ ቢያመልጥ ይሻላል። ይህ የእኛ አቋም ነው፤ ኦዲተሮች አይስማሙም።

ያቋረጠ ልጅ ይመለሳል?

ቶሎ ከተደወለለት ይመለሳል። ሁለት ቀን በተከታታይ የቀረ የድጋፍ ሰልጣኝ በሦስተኛው ቀን ይደወልለት። ስልኩ ካልሠራ ለቤተሰቡ፣ ለአገሩ ልጅ። ወር ካለፈ በኋላ ያፍራል፤ እፍረቱ ከርቀቱ ይበልጥበታል። ያኔ የሚመልሰው አሰልጣኙ ራሱ ደውሎ «ወንበርህ አለ» ሲለው ነው።

እኛም መጀመር እንፈልጋለን። በስንት ልጅ እንጀምር?

እስከ መጨረሻው ልትይዟቸው በምትችሉት ቁጥር። አምስት ቢሆኑም አምስት ናቸው። የያዛችሁትን ገንዘብ ሙሉ ሥልጠናው በሚፈጀው ወር አካፍሉት። ለመንገድ መዘጋትና ለሕመም ከላይ ቀንሱ። የቀረው ለስንት ልጅ ኪራይ ይበቃል? ቁጥሩ እሱ ነው። ቀጥሎ ሬጅስትራሩ ጋ ሄዳችሁ ዘንድሮ ተመዝግበው መምጣት ያቆሙትን ስም ጠይቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ስልኮች እነሱ ጋ ይደወሉ።